ለሌላ ሴት የተሰጠ መልስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሹራቧን የምታወልቅበትን ቦታ ዛሬም አውቀዋለሁ። ሐረጎ የሚባለውን ተራራ ጨርሰን፣ ቁልቁለቱ ለዘብ ብሎ፣ በመስኮቱ የሚገባው አየር ሞቅ ማለት ሲጀምር ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሷ ክርኗን ጎኔ ላይ እየሰካች፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ታወልቅና ጠቅልላ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። አሁንም በዚያው መንገድ በየቀኑ እመላለሳለሁ። እዚያ ቦታ ስደርስ ክርኗ ጎኔ ላይ ይሰማኛል ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅብኝ፣ ይሰማኛል።

ኮምቦልቻ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የዳታቤዝ ሠራተኛ ነኝ። የሠራተኛው ስም፣ ክፍሉ፣ ፈረቃው፣ ፈቃዱ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ በነዚያ ሰንጠረዦች ምን እንደሚያደርግ ትእዛዙን የምጽፈው እኔ ነኝ። እሷ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የነሱ ፈረቃ በየሳምንቱ ይዞራል፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት አንዱ ብቻ የኔ ነበር።

እሱም ቢሆን በደንብ የኔ አልነበረም። የጠዋት ፈረቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል፣ ቢሮ ደግሞ ሁለት ሰዓት። በሷ ሳምንት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ በደሴ ብርድ ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ ከፈረቃ ሠራተኛ ጋር ተጋፍቼ እሳፈርና ከቢሮ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አስነስቶ «እንደዚህ ልጅ ሁኑ» ብሎ አመስግኖኛል። በሌሎቹ ሁለት ሳምንታት ለምን እንደማልተጋ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ አላህ ይስጠው።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ገና ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ቀን ማልጄ ስወርድ አንዲት ሴት ሚኒባሱ ውስጥ ዞር ብላ፣ «አንተ ነህ አሉ ኮምፒውተሩ!» አለችኝ። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ሾፌሩ ሳይቀር ዞረ። የፈትል ክፍል ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከማሽኑ ጩኸት ጋር ሲታገል ስለሚውል ከወጣም በኋላ ድምፁን መቀነስ ይረሳል። ለምን ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሌሊት እንደተመደበች ጠየቀችኝ። ስህተቱ የኔ ነበር፤ ግን እልህ ያዘኝና የሷ ክፍል ስም ዝርዝሩን አሳስቶ እንደላከ ነገርኳት። እሷም እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ለቀሪው ተሳፋሪ ስለኔ ስታስረዳ ሄደች። ስንወርድ ቅንድቧ ላይ ከትናንት የቀረች የጥጥ ብናኝ አየሁና ልነግራት ፈለግኩ፤ አልነገርኳትም። ቀኑን ሙሉ ስለዚያች ብናኝ ሳስብ ዋልኩ። ያኔ ነው ያለቀልኝ።

በፋብሪካው ሰው ዘንድ እኔና ኮምፒውተሩ አንድ ነን። ዝርዝሩ ላይ ስሙ የጠፋበት «ኮምፒውተሩ ረሳኝ» አይልም፣ «ያ ልጅ ረሳኝ» ይላል። ፈቃድ የተከለከለም «ያ ልጅ ከለከለኝ» ነው የሚለው። መጀመሪያ እናደድ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም አለኝ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ካልገባችሁ የቀረው አይገባችሁም፣ ስለዚህ ታገሱኝ። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው እንደገና ሲከፈት የድሮ መዝገብ የሚባል አልቀረም ነበር፤ ሁሉን እንደ አዲስ ነው የጻፍነው። በጣም ያስቸገረን የፈረቃ ልውውጥ ነበር። እኛ አገር ልውውጥ የቆየ ልማድ ነው። በአረፋ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ይገባለታል፣ በፋሲካ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ። ለቅሶ፣ ሰርግ፣ የታመመ ልጅ፣ ሁሉም የሚያልፈው በልውውጥ ነው። ግን ሁሉ በአፍ ስለነበረ አንዷ ተለዋውጫለሁ ብላ ትቀራለች፣ ሌላዋ ትረሳለች፤ ማሽኑ ያለ ሰው ይቆማል።

እኔ ይህን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት። ልውውጥ ሁለት ለውጥ ነው፤ የአንዷ ፈረቃ ለሌላዋ፣ የሌላዋ ለአንዷ። ሁለቱን አንድ ላይ አሰርኳቸው። ወይ ሁለቱም ይደረጋሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። መሀል ላይ አንዱ ቢበላሽ ኮምፒውተሩ የጀመረውን መልሶ፣ ምንም እንዳልተነካ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በኛ ሙያ ትራንዛክሽን ይባላል። በዚህ ሥራዬ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። ለሷም ሚኒባስ ውስጥ በጣቶቼ እያሳየሁ አስረዳኋት። ሰማችኝና፣ እኛ ይህን ያለ ኮምፒውተር ስንሠራው ኖረን የለ ወይ፣ ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ የፈረቃ ኃላፊዎቹ እኛ ሳናውቅማ አይሆንም ብለው ተነሱ። እውነታቸውን ነው፤ አንዳንዷ ገና ለማጅ ናት፣ ልምድ ያላትን ሴት መተካት አትችልም። ስለዚህ አንድ ሁኔታ ጨመርኩ። ኃላፊው ልውውጡን ከተቃወመ ተቃውሞ ብሎ ይመዘግባል፤ ካልተቃወመ ምንም አይጽፍም። ፕሮግራሙ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የነገውን ጥያቄዎች በተራ አንድ በአንድ እያነሳ ይሄዳል። ተቃውሞ ካለ ይከለክላል፤ ከሌለ ይለዋውጣል። የኃላፊው ዝምታ እሺታ ነው ማለት ነው። ውጤቱ ወዲያው ታትሞ በሩ ላይ ይለጠፋል። ሠራሁት፣ ሞከርኩት፣ ሠራ።

ሁለት ዓመት ያህል በሦስት ሳምንት አንዴ እንዲያ ወረድን። ምን አወራን ብትሉኝ የረባ ነገር የለም። ስለ እህቷ ልጅ ትነግረኛለች፣ ስለ አለቃዬ እነግራታለሁ። ቀድማ ከገባች ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣ ቦታ ትይዝልኛለች፤ ሰው ሊቀመጥ ሲል በዚያ ድምፅዋ «ሰው አለው!» ትላለች። ሰው አለው። እስካሁን ሚኒባስ ውስጥ ማንም ሰው ይህን ቃል ሲል ዞር እላለሁ።

አንድ ጠዋት ሐረጎ ላይ አንድ ተሳቢ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆመና ሁላችንም ወረድን። ጉሙ ከታች እየመጣ ነበር። ከሰው ትንሽ ራቅ ብለን ቆምን። ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ሽማግሌ ብልክ አባቷ ይቀበሉኝ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት። ያቺ ጩኸታም ሴት ያን ቀን ብቻ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መርሃባ» አለችኝ። «ላክ።»

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ሽማግሌዎቹን የመራልኝ አጎቴ ነው፤ አባቴ ካረፈ ጀምሮ በሱ ቦታ የቆመልኝ ሰው። ቀጠሮ ለመያዝ ሄዶ ተመለሰና የአባቷን ሐሳብ ነገረኝ። አባቷ ቁርአን የቀሩ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ኑ ብለዋል፤ ለሳቸው ሐሙስ ደግ ቀን ነው። ልጃቸውን ሳይጠይቁ እንደማይድሩም ነግረውታል። ሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ እሷ ጓዳ ትሆናለች፤ አክስቷ ገብታ ትጠይቃታለች። ልጃገረድ አዎ ብላ መናገር አይጠበቅባትም፣ ታፍራለች። ዝም ካለች ፈቅዳለች፤ የማሰሪያው ፋቲሃ ይነበባል፣ ነገሩ አለቀ። ካልፈለገች ደግሞ አልፈልግም ትላለች፣ ማንም አያስገድዳትም።

ደስ አለኝ። ዝምታ እንደ እሺ የሚቆጠርበት ሌላ ቦታ አለና እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ለአጎቴ ላስረዳው ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረኝ። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ መልስ እስኪገኝ ድረስ ከልጅቷ ጋር መታየት፣ መደወል የለም። «ደብቀህ ብትደውልላት የምታሳፍረው እኔን ነው» አለኝ። ቃል ገባሁለት።

ያ ሳምንት የሷ የጠዋት ሳምንት ነበር። ለቃሌ ስል ከሰኞ ጀምሮ በቢሮ ሰዓት ሚኒባስ ወረድኩ። ለሐሙስ እኔ ፈቃድ ወሰድኩ። እሷ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ቤት መዋል ስላለባት ከሰዓት ከምትገባ ጓደኛዋ ጋር ልውውጥ እንደምትጠይቅ አውቅ ነበር። ማየት እችል ነበር። ግን የራሴን ጉዳይ በመንግሥት ወንበር ተቀምጬ አልመለከትም ብዬ ዓይኔን ከዚያ ሰንጠረዥ ላይ አነሳሁ። ፋብሪካው የመንግሥት እንኳን አይደለም። ብቻ እንዲያ ሆኜ ነበር ያን ሰሞን፣ ጨዋነት ሊገድለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ደሴ ቤታችን ተቀምጬ ጠበቅኩ። እናቴ ሦስት ጊዜ ሻይ አምጥታ ሦስቱንም አቀዘቀዝኩት። አጎቴ ከቀትር በፊት ተመለሰ። ገና በሩን ሲገፋው አወቅኩት፤ ጋቢውን ያወለቀበት ሁኔታ የደስታ አልነበረም። ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ልጅቷ ቤት እንዳልነበረች ነገረኝ። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሥራ ሄዳለች። ቤተሰቡም ደንግጧል፤ አክስቷ ባዶ ጓዳ ገብታ ወጥታለች። አባቷ የተናገሩትን አጎቴ ቃል በቃል ነገረኝ።

«ጓዳ ገብታ ዝም ብትል ይበቃኝ ነበር። እሷ ግን ቀኑን እያወቀች ሄደች። ይህን ምን ብዬ እሺ ልበለው?»

አጎቴ ሁለተኛ እንሂድ አለኝ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ ነውር የለበትም፣ ምናልባት ችግር ገጥሟት ይሆናል፣ አብሽር አለ። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ሐረጎ ላይ ላክ ያለችኝ ሴት ሽማግሌዬ ደጇ ሲደርስ ማሽን ልትቆጣጠር ሄደች? በኔ ስም ሁለተኛ ደጅ የሚጠና የለም ብዬ ጮኽኩ። በአጎቴ ላይ ጮኽኩ፤ እናቴ ጓዳ ሆና አለቀሰች። የዚያን ዕለት የተናገርኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ አንዱንም መድገም አልፈልግም።

በማግስቱ በቢሮ ሰዓት ገባሁ። ከዚያም በኋላ በሷ ሳምንት ቀድሜ ወርጄ አላውቅም። በበሩ ስናልፍ ሁለት ጊዜ ተያየን። እሷ ዓይኗን ሰበረች፣ እኔም ሰበርኩ። ኀፍረት ነው አልኩ። እሰይ፣ ትፈር አልኩ። አለቃዬ መትጋቴን መተዌን አይቶ ታመሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። በቋሚነት ወደ ከሰዓት ፈረቃ መዛወር ትፈልጋለች፤ ክፍሉ ተስማምቷል። ቋሚ ዝውውር በፕሮግራሙ አያልፍም፣ በእጄ ነው የምጽፈው። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ጻፍኩት። ይኸው፣ ጠዋት ከሰው ጋር እንዳትገናኝ ትፈልጋለች፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዙሬ ብዙ ቆየሁ።

ሥራ ለቀቀች። በሌላ ዓመት አገባች ሲሉ ሰማሁ፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነው አሉ። የሰማሁ ቀን ምሳዬን ሳልበላ ወደ ቤት ወጣሁ። አጎቴ እስኪያርፍ ድረስ ያን ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም። እኔ አላገባሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ይበዛብኛል እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። የፈትል ክፍል የፈረቃ ኃላፊ አለ፤ ጡረታው የደረሰ፣ መሐላ የሚወድ አባወራ። ሠራተኞች ልውውጣችንን ከለከለ ብለው ለዓመታት ያሙታል። እሱም ሁልጊዜ ወላሂ አልከለከልኩም ይላል፤ ማንም አያምነውም፤ እኔም አላምነውም ነበር። እንዲያውም ቢሮ ውስጥ ሲምል ሳይ ከጓደኞቼ ጋር እጠቃቀሳለሁ። አንድ ቀን ግን ገብቶ በሩን ዘጋና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እናቷ ሆስፒታል የተኛች አንዲት ሠራተኛ ልውውጧ ተከልክሎ ረግማዋለች። እርግማኑ ከብዶታል።

«ልጄ፣ እኔ ላይቀር ወደ አላህ የምሄድ ሰው ነኝ» አለኝ። «አልከለከልኳትም። ዛሬ እዚሁ አጠገቤ ሆነህ አሳየኝ።»

አፈርኩ። እሺ፣ እንየው አልኩት። የልጅቷን ጥያቄ ብቻ ነጥዬ ፕሮግራሙን አስኬድኩት፤ ፈቀደላት። ይኸው ትክክል ነው፣ እርስዎ ረስተውት ይሆናል አልኩት። ኃላፊው ማያ ገጹን ከኔ በላይ አፍጥጦ ያያል። እሷ ለብቻዋ አይደለም የጠየቀችው አለኝ፤ በተራ ነው፤ ከፊቷ ሌሎች ነበሩ፤ እንደ ተራቸው አድርገህ ሞክረው። ያን ዕለት የነበሩትን በሙሉ እንደ ተራቸው አስገባሁ። ከለከላት።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ፤ ቀላል ነው፣ ቅለቱ ነው የሚያቃጥለኝ። ፕሮግራሙ የኃላፊውን ተቃውሞ ሲያነብ ተለዋዋጭ በምንለው ነገር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፒያሳ ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ብቻ አለ እንበል። ለአንዱ ትቀዳለህ፣ ይሄዳል፤ በዚያው ብርጭቆ ለሚቀጥለው ትቀዳለህ። ለሚቀጥለው የሚቀዳ ከሌለህስ? ብርጭቆው ባዶ መሆን አለበት። ግን ካላፈሰስከው የፊተኛው ትራፊ እዚያው አለ፣ የሚቀጥለው ያንን ይጠጣል። እኔ በየሰዉ መሀል ብርጭቆውን አላፈሰስኩም። ኃላፊው ዝም ሲል የሚነበብ ነገር ስለማይገኝ በውስጡ የሚቀረው ከፊት ለነበረው ሰው የተሰጠው መልስ ነው። ከፊትህ የነበረው ከተፈቀደለት ምንም አትሆንም። ከተከለከለ ግን አንተም ትከለከላለህ፣ ከአንተ ቀጥሎ ያለውም፤ የዕለቱ ዝርዝር እስኪያልቅ ድረስ። ኃላፊዎች ብዙ ስለማይቃወሙ ስህተቱ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚመጣው፤ በመጣም ጊዜ የተከለከለው ሰው ኃላፊውን ይራገማል፣ ኃላፊው ይምላል። እኔ ደግሞ ስሞክረው ሁሌም አንድ ሰው ብቻ አስገብቼ ነው የሞከርኩት። ትራንዛክሽኑ እንከን አልነበረበትም። የፈረቃውን ሁለት ለውጥ አስተማምኖ አስሮ፣ በሌላ ሰው መልስ ሁለቱንም አሳምሮ ይመልሳቸዋል።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። በየሰዉ መጀመሪያ ላይ ተለዋዋጩን ባዶ አድርገው የሚል። ጻፍኩት።

ኃላፊው አልሐምዱሊላህ ብሎ ተነሳ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሄዶ ለመላው ፈትል ክፍል ሊነግር ነው። በሩ ላይ ደርሶ ዞረና ለመሆኑ በዚህ የተጎዳ ስንት ሰው ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም፣ አወጣዋለሁ አልኩት።

አወጣሁት። ተቃውሞ ሳይመዘገብባቸው የተከለከሉ ልውውጦች በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እየጻፍኩ ሳለሁ እንኳ አላሰብኩትም፤ ሥራ ነው ብዬ ነበር። ዝርዝሩ መጣ። ዓይኔ ቁልቁል ሲወርድ ስሟን አየሁ።

ለሐሙስ ጠዋት ነው የጠየቀችው። ያስገባችው ገና ቅዳሜ ነው፤ ከሽማግሌው አምስት ቀን ቀድማ። ጓደኛዋ በዚያው ቀን ተስማምታለች። ኃላፊው ምንም አልጻፈም። ከፊቷ ተራ የነበረችው አንዲት ለማጅ ስትሆን እሷን ተቃውሟል፣ ልክ ነው። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ የኔ ፕሮግራም የለማጇን መልስ ለሷ ሰጥቷታል።

ለዓመታት ሄደች እያልኩ የኖርኩት ሴት ልትቀር ጠይቃ ነበር። ጓዳ ገብታ ዝም ልትል ጠይቃ ነበር።

ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ያገባች ሴት ናት፣ ምን ልልሽ መጣሁ እላታለሁ? ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው፣ እሷም አንዷ ናት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዝርዝሩ ግን ከሷ ሌላ ማንንም አልጠየቅኩም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰኞ ገበያ ወረድኩ።

ሱቁን ሰው አሳየኝ። ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ እሷ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች፣ አንዲት ሕፃን ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ወፈር ብላለች። ስታየኝ አሰላሙ አለይኩም አለችኝ፣ በጣም በቀስታ። ማሽን ትታ ብዙ ጊዜዋ ነዋ፣ ድምፅዋ እንደ ሰው ሆኗል። ሰላምታውን መለስኩላት። ባሏን ጠየቅኳት፣ ደህና ነው፣ አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል አለችኝ። ከዚያ ቆሜ ሁሉን ነገርኳት። የኃላፊውን መሐላ፣ ዝርዝሩን፣ ብርጭቆውን፣ ከፊቷ የነበረችውን ለማጅ። እንደ ድሮው በጣቶቼ እያሳየሁ።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ጨርቁን በመዳፏ ዳበሰች።

«እኔ እኮ አንተ የከለከልከኝ ነበር የመሰለኝ» አለች።

አልገባኝም። ገብቶኛል ግን አልገባኝም። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ቁጣ የለባትም። ከሰኞ ጀምሮ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ትይዝልኝ ነበር፣ እኔ የለሁም። ማክሰኞም የለሁም። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን አነበበች፣ አልተፈቀደም ይላል። ያን የሚጽፈው ደግሞ ማን እንደሆነ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። ልቡ ተመልሷል፣ በአፉ መናገር አፍሮ በዚህ ነገረኝ አለች። ያለ ፈቃድ ልትቀር አስባ ነበር፤ ከሥራ ቢያባርሯትም ግድ አልነበራትም። ግን አንተው ራስህ ሳትፈልገኝ አባቴ ፊት ዝም ብዬ ሳትወድ ላስርህና ላዋርድህ? አለችኝ። ስለዚህ ሄደች። የኔን ክብር ለመጠበቅ ነው የሄደችው።

ኧረ በአላህ፣ አጎቴ አትደውል ብሎኝ ነው፣ ቃል ገብቼ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አሁንማ ገባኝ ማለቷ ነው። ሕፃኗ ስትነቃነቅ ወዝወዝ አደረገቻትና ተኛች።

«ያ ጽሑፍ ግን» አለች፣ «መጠየቄን የሚያሳየው፣ ያን ጊዜም እዚያው ነበር?»

ነበር አልኳት።

«ማየት ትችል ነበር?»

ከመላው ፋብሪካ ያን ሰንጠረዥ እንዳሻው መክፈት የሚችለው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ማታ ኮምቦልቻ ወርጄ መክፈት እችል ነበር። በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ ዝውውሯን በገዛ እጄ በጻፍኩበት ሰዓት እዚያው ገጽ ላይ መክፈት እችል ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እልሄ ነው ያልከፈተው። ይህን ሁሉ ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን እችል ነበር የሚል ብቻ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ። ሐረጎ ላይ ካየችኝ ቀን ወዲህ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«እኔ እንኳ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቢሮህ ድረስ መጥቼ ነበር» አለች። «ከአፍህ ልስማው ብዬ። ተቆልፎ ነበር፤ ዛሬ ፈቃድ ወስዷል አሉኝ። ከኔ ሸሽቶ ነው አልኩ።»

አንዲት ሴት ከነልጇ ገብታ መጋረጃ ጠየቀች። እሷም ሜትሯን አንስታ የመስኮቱን ልክ ጠየቀቻት።